0.1 + 0.2 አሳፈረኝ፤ ኮምፒውተርን ከውስጡ ለማወቅ ከየት ልጀምር?

የፈረሱላ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ነኝ። ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ በዩቲዩብ ነው፣ ያውም ሌሊት እየተነሳሁ ቪዲዮ እያወረድኩ። ፓይተን እችላለሁ፣ ጃቫስክሪፕትም ትንሽ ትንሽ። ለሱቆች የዕቃ መዝገብ ምናምን ሠርቻለሁ። ሁሉም ይሠራሉ። ለምን እንደሚሠሩ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር፣ እስከ ዘንድሮ ኅዳር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሸት ቡና ለሚረከቡ አንድ ነጋዴ የመረካከቢያ ፕሮግራም ሠራሁላቸው። ገበሬው ጆንያውን ያመጣል፣ እያንዳንዱ ጆንያ ይመዘናል፣ ክብደቱ በኩንታል ይገባል። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ትልቁ ሚዛን ላይ ይወጣል። ፕሮግራሙ የጆንያዎቹን ድምር ከትልቁ ሚዛን ጋር ያስተያያል፤ ከገጠመ ደረሰኝ ያትማል፣ ካልገጠመ ያቆማል። በጣም ነበር የተኩራራሁበት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንድ አባት ሁለት ጆንያ በአህያ ጭነው መጡ። አንዱ 10 ኪሎ፣ ሌላው 20። እኔም 0.1 እና 0.2 ብዬ አስገባሁ። ትልቁ ሚዛን 0.3 አለ። ፕሮግራሜ በቀይ «ሒሳቡ አይገጥምም» አለ። ደግሜ አስገባሁ። አይገጥምም። ሰልፉ ረዘመ፣ አህያው ማናፋት ጀመረ። ባለቤቱ ሐጂ መጥተው ስክሪኑን በመነጽራቸው ጠርዝ አዩና «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ አስርና ሃያ መደመር አይችልም?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ሼም ያዘኝ። የዚያን ቀን ደረሰኙ በእጅ ተጻፈ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ድምሩን ብቻ አሳየኝ አልኩት። 0.30000000000000004 አለኝ። ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው 4 ከየት መጣች? አጠጋግቼ አለፍኩት፣ አሁን ይሠራል። ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የማላውቀው ነገር ላይ ቁጭ ብዬ ነበር ማለት ነው።

ጥያቄዬ፦ ኮምፒውተርን ከሥር ከመሠረቱ ለማወቅ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከየት ይጀመራል? ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ 4 ጊጋ ራም፣ ዲስኩም የሚሽከረከረው ዓይነት። ኢንተርኔት እንደ ልብ የለም። ክረምት ላይ መብራቱንም ታውቁታላችሁ። ደግሞስ ይጠቅመኛል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

ገንዘብ ይቅደም

ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። አጠጋጋኸው፣ ሠራ፣ አለቀ። እንጀራ የሚበላ ሁሉ ጤፍ አይዘራም። እኔ አምስት ዓመት ዌብሳይት ስሠራ ትራንዚስተር ምን እንደሆነ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም፤ የሚጠይቁኝ መቼ ያልቃል፣ ስንት ነው፣ ቴሌብር ይቀበላል ወይ፣ በቃ። ጊዜህን አዲስ ፍሬምወርክ ተማርበት። ከውስጥ ማወቅ ዩኒቨርሲቲ አራት አምስት ዓመት ለሚቀመጡት ነው።

ቂጦ አራተኛ ዓመት

እኔ እዚያው ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ነኝ፣ ስለዚህ «አራት አምስት ዓመት የሚቀመጡት» የተባልነው እኛ ነን :) ለነገሩ እኛም ፈተና አልፈን የምንረሳው ይበዛል። የሚያሳፍርህ ነገር የለም። ሐጂ የጠየቁህ ጥያቄ ክፍላችን ውስጥ ቢጠየቅ ግማሹ ሰው አይመልሰውም።

መጀመሪያ ያቺን 4 ልንገርህ። የቡና መጋዘን ስለሆነ በሚዛን እናስበው። አንድ ሚዛን አለህ እንበል፣ የሚዛን ድንጋዮችህ ግን ልዩ ናቸው፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ የሩብ ግማሽ፣ የዚያ ግማሽ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ነው ያለህ። ኮምፒውተር ከነጥብ በታች ያለውን ቁጥር የሚይዘው በእነዚህ ድንጋዮች ብቻ ነው። አሁን በእነሱ 0.1 መዝንልኝ። ግማሽ ይበዛል፣ ሩብ ይበዛል፣ አንድ ስምንተኛም ይበዛል። አንድ አስራ ስድስተኛ ታስቀምጣለህ፣ 0.0625 ሆነ። አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ትጨምራለህ፣ 0.09375። የሚቀጥሉት ሁለቱ ይበዛሉ፣ ትዘላቸዋለህ። 1/256 ስትጨምር 0.09765625፣ 1/512 ስትጨምር 0.099609375። ተጠጋህ። ግን ዕድሜ ልክህን ብትጨምር 0.1 ላይ አትደርስም። 1ን ለ3 ስናካፍል 0.333 እያለ እንደማያልቀው ማለት ነው፤ እኛ በአስር ስለምንቆጥር ሲሶ ያስቸግረናል፣ እሱ በሁለት ስለሚቆጥር አንድ አስረኛ ያስቸግረዋል።

ድንጋዩ ደግሞ ወሰን አለው። ፓይተን ፍሎት የሚለው ቁጥር 64 ቢት ነው፣ ቢት ማለት አንድ 0 ወይም አንድ 1 የምትቀመጥበት ቦታ ናት፤ 1 ለምልክት፣ 11 ነጥቧ የት እንደምትቀመጥ ለመናገር፣ 52 ለራሱ ለቁጥሩ። አይትሪፕልኢ 754 የሚባል ደንብ ነው፣ በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ዛሬ ላፕቶፑም ስልኩም የሚከተለው። ድንጋዩ ሲያልቅ የቀረችው ትጠጋጋለች። 0.1 ትንሽ ተጠጋግቷል፣ 0.2ም ትንሽ፣ ድምራቸውም እንደገና። 0.3 ደግሞ በራሱ መንገድ ነው የተጠጋጋው። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ላይ አላረፉም።

ደስ የሚለው ምን መሰለህ፣ ያ አባት ግማሽ ኩንታልና ሩብ ኩንታል ይዘው ቢመጡ ኖሮ በትክክል ይገጥምልህ ነበር። 0.5 + 0.25 ለኮምፒውተር ጥርት ያለ 0.75 ነው። ሞክረው።

መፍትሔውን ግን አጠጋግቼ አለፍኩ አትበል። በኩንታል ማስገባቱን ተው፣ በኪሎ ወይም በግራም በሙሉ ቁጥር ያዘው። 10 ሲደመር 20 ሁልጊዜ 30 ነው። ብርም እንደዚያው፣ በሳንቲም ያዝና ስታትም ብቻ ለ100 አካፍለው። ይኸውልህ፣ ከውስጥ ማወቅ ይጠቅማል ወይ ላልከው።

ሽቦ

ልጄ፣ እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት የቤት መብራት ስዘረጋ፣ በኋላ ደግሞ የባጃጅ ኤሌክትሪክ ስጠግን የኖርኩ ነኝ። ይሄን የመሰለ ጥያቄ ልጄም ጠይቆኝ ስለነበረ ነው የምጽፈው።

ስምንተኛ ክፍል ሆኖ «አባ፣ ኮምፒውተር እንዴት ነው የሚደምረው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ግን ነገሩ ዝም ብሎ ማብሪያ ማጥፊያ እንደሆነ ሰምቼ ነበር። ቤት ውስጥ አንድ እግሩ የላላ የጅማ በርጩማ ነበረን። ገለበጥኩትና ከመቀመጫው ሥር፣ በሦስቱ እግሮች መሐል ሁለት ማብሪያና ሁለት ትናንሽ አምፖል ቸነከርኩ። በ12 ቮልት ባትሪ፣ የቤቱን መብራት እንዳትነካው አደራ። ማብሪያዎቹ ሁለት መስመር ባንድ ጊዜ የሚቀይሩ ዓይነት ናቸው።

አንደኛውን መስመር እንደ ደረጃ መብራት አሰርኩት። ፎቅ ቤት ከታች ታበራለህ፣ ወጥተህ ከላይ ታጠፋለህ፣ ያቺን ታውቃታለህ። አንዱ ማብሪያ ብቻ ሲነሳ ትበራለች፣ ሁለቱም ሲነሱ ትጠፋለች። ሁለተኛውን መስመር በተርታ አሰርኩት፣ ሁለቱም ካልተነሱ አይበራም። እንግዲህ አየው። ሁለቱም ሲወርዱ ምንም አልበራም፣ ዜሮ። አንዱን ስታነሳ የቀኙ አምፖል በራ፣ አንድ። ሁለቱንም ስታነሳ የቀኙ ጠፋና የግራው በራ። ልጁ ትንሽ አየና «አባ! አንድ ያዝን!» ብሎ ጮኸ። ወረቀት ላይ ስንደምር አንድ ያዝን እንደምንለው ማለቱ ነው። በሁለት አሃዝ ሲቆጠር ሁለት 10 ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ የግራው አምፖል ያቺ የተያዘችው አንድ ናት።

ከዚያ በኋላ ያለው ያን መደጋገም ነው። የጣት ሥራውን ለሪሌይ ስጠው፣ ባጃጅ ጥሩንባ ላይ ያለችው «ጣቅ» የምትለዋ ማለት ነው፤ እሷ ኤሌክትሪክ የሚጫናት ማብሪያ ናት። የአንዱ ውጤት ሌላውን ይጫናል፣ ያኛው ሌላውን። በኋላ ሳነብ ክሎድ ሻነን የሚባል አሜሪካዊ በ1937 እ.ኤ.አ. ገና ተማሪ ሳለ በሪሌይ የታሰረ ሽቦ የሎጂክ ሒሳብ መሥራት እንደሚችል በመመረቂያ ጽሑፉ አሳይቷል። ትራንዚስተር በ1947 መጣ፣ ያው ሪሌይ ነው፣ «ጣቅ» የማይል። ኢንቴል በ1971 ያወጣው 4004 የሚባለው ቺፕ 2300 ገደማ ነበሩበት። ዛሬ ኪስህ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ በቢሊዮን ነው የሚቆጠሩት። ሥራቸው ግን በርጩማዬ ሥር ያለው ነው።

በርጩማው አሁንም አለ። እንግዳ ሲመጣ ማን እንደሚቀመጥበት እንጠነቀቃለን።

የፈረሱላ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን ሦስቴ አነበብኩት። ነገ መነኸሪያ አካባቢ ሪሌይ ልፈልግ ነው። እህቴ ቂጦ፣ የድንጋዩን ነገር ገና ሳነበው ላፕቶፕ ከፈትኩ፣ 0.5 + 0.25 እውነትም ገጠመ። ግን አሁን ጭራሽ ጥያቄው በዛ። መደመሩ ገባኝ እንበል። ማባዛትስ? ፊደልስ? እኔ «ቡና» ብዬ ስጽፍ እዚያ ውስጥ ምንድነው የሚቀመጠው?

ሃምሳ አለቃ ባይት

ማባዛቱን ለእኔ ተዉልኝ። ስምህ ፈረሱላ ስለሆነ በፈረሱላ እንየው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ። 13 ፈረሱላ ስንት ኪሎ ነው? በግራ 13ን እየገመስክ ውረድ፣ ቀሪውን ጣል፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 17ን እያጠፍክ ውረድ፦ 17፣ 34፣ 68፣ 136። በግራ ሙሉ በሙሉ ለሁለት የሚካፈል ቁጥር ያለበትን መስመር ሰርዝ፣ ማለትም 6 እና 34 ያሉበትን። የቀሩትን የቀኝ ቁጥሮች ደምር፣ 17 እና 68 እና 136። 221። በካልኩሌተር አረጋግጥ።

ይሄን ዘዴ ውጭ ያሉ ፕሮግራመሮች «የኢትዮጵያ ማባዣ» ነው የሚሉት። እኛ አናውቀውም፣ እነሱ በስማችን ይጠሩታል። ያልተሰረዘውን 1፣ የተሰረዘውን 0 ብለህ ከታች ወደ ላይ አንብበው፣ 1101 ይላል። 13 በሁለት አሃዝ ሲጻፍ ማለት ነው። ማጠፍ ለፕሮሰሰር፣ ሒሳቡን ለሚሠራው ቺፕ፣ ቢቶቹን አንድ ቤት ወደ ግራ መግፋት ብቻ ነው፣ መገመስ ወደ ቀኝ። ስለዚህ መግፋትና መደመር ከቻልክ ማባዛት ቻልክ። ጋሼ ሽቦ የመደመሩን ጅማሬ በርጩማው ላይ ጨርሰውልሃል።

ቂጦ አራተኛ ዓመት

ፊደሉ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ደስ የሚለኝ ነው። ፓይተን ላይ ኦርድ የምትባለዋን ትእዛዝ «ሀ»ን ስጣት። 4608 ትልሃለች። «ለ»ን ስጣት፣ 4616። «ሐ»፣ 4624። «መ»፣ 4632። አየኸው? በስምንት በስምንት ነው የሚሄደው። ፊደል ገበታ ነው! ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ሰንጠረዥ ውስጥ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ወንበር ተሰጥቶታል፣ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉት። ስለዚህ የአንድን ፊደል ቁጥር ለ8 አካፍለህ ቀሪውን ብታየው ስንተኛ ፊደል እንደሆነ ይነግርሃል። «ማ» 4635 ነው፣ ቀሪው 3፤ ከዜሮ ስለምንጀምር ራብዕ። «ጅ» 4869፣ ቀሪው 5፣ ሳድስ። የቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ይሄን ሲያይ ምን እንደሚል ማየት እፈልጋለሁ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ፊደላችንን በእንግሊዝኛ ፊደሎች ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ለዚህ ነው የድሮ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ዝም ብሎ የላቲን ፊደል የሚዘራው።

ይሄ ቁጥር ፋይል ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ በባይት ይከፋፈላል። አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው የሚይዘው፣ 4608 አይገባበትም። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ጅማ» ሁለት ፊደል ናት፣ ፋይል ውስጥ ግን 6 ባይት፦ 225፣ 140፣ 133፣ 225፣ 136፣ 155። በኤስኤምኤስ ደግሞ ሌላ አጻጻፍ ነው። አንድ መልእክት 140 ባይት ነው። በላቲን አንዱ ፊደል 7 ቢት ስለሚበቃው 160 ይገባል፣ በአማርኛ አንዱ 16 ቢት ስለሚወስድ 70 ብቻ። ለበዓል ረጅም ምርቃት ስትልክ የሁለት የሦስት መልእክት ሒሳብ የሚቆረጥብህ ለዚህ ነው።

ሌሊት ኮደር

እኔ ስለ ላፕቶፕህ ነው የምጽፈው። የኔም እንዳንተው 4 ጊጋ ነበር።

የመመረቂያ ሥራዬን ስጽፍ ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፣ ሴቭ አልኩ፣ ሴቭ ሆነ፣ ወዲያው መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ያለ ቻርጀር አንድ ደቂቃ አይቆምም። መብራት ሲመጣ ፋይሉ አለ፣ ስሙ አለ፣ መጠኑ 0 ባይት። አለቀስኩ። ሴቭ አድርጌ የለ?

አላደረግኩም ነበር። ሴቭ ስትል ፕሮግራምህ ጽሑፉን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይሰጠዋል፣ እሱም «እሺ» ይልና ራም ላይ ያቆየዋል። ዲስክ ቀርፋፋ ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል ይዞ ወደ ዲስክ መሮጥ አይፈልግም፤ አጠራቅሞ ነው የሚወስደው። ሊኑክስ ላይ በተለመደው አቀማመጥ 30 ሴኮንድ ገደማ ሊያቆየው ይችላል። ራም ደግሞ መብራት ሲሄድ ባዶ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳታቤዞች አሁኑኑ ዲስክ ላይ አድርስልኝ፣ ሳታደርስ እሺ አትበለኝ የሚል ልዩ ትእዛዝ ለምን እንደሚጠቀሙ ገባኝ። ኤፍሲንክ ይባላል። ፈልገው። ለሐጂ ደረሰኝም ያስፈልግሃል።

ዲስክ ቀርፋፋ ነው ስልህ ምን ያህል እንደሆነ ልንገርህ። በግምት ነው፣ ማሽኑ ይለያያል። ፕሮሰሰሩ አጠገቡ ካለችው ትንሽ ማስታወሻ አንድ ነገር ለማንሳት አንድ ናኖ ሴኮንድ፣ የሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ ይፈጅበታል። ይሄን አንድ ሴኮንድ እናድርገውና ሁሉንም በዚያው እንለጥጠው። ባለሱቁ እጁን ዘርግቶ ከመደርደሪያ ስኳር አወረደ፣ አንድ ሴኮንድ። ራም ላይ ያለውን ለማምጣት 100 ሴኮንድ፣ ጓሮ መጋዘን ደርሶ መጣ። ኤስኤስዲ ላይ፣ የማይሽከረከረው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ላይ፣ ያለውን ለማምጣት ከአንድ ቀን በላይ። የአንተ የሚሽከረከረው ዲስክ ላይ ያለውን ግን መርፌው ቦታው እስኪደርስ 116 ቀን አካባቢ። በሰኔ ሚካኤል የላክኸው ልጅ ጥቅምት ሲጠባ ይመለሳል። አሁን ብሮውዘር ላይ ሃያ ገጽ ስትከፍት 4ቱ ጊጋ ይሞላል፣ ሲስተሙ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያወጣዋል፣ በየደቂቃው ያንን ልጅ ይልካል። ላፕቶፑ አላረጀም፣ መልእክተኛ እየጠበቀ ነው። ብር ስታገኝ ከሁሉ በፊት ኤስኤስዲ ግዛ።

ኢንተርኔት የለም ላልከው ሊኑክስ ጫን። በእንግሊዝኛ man ተብላ የምትጻፈዋ ትእዛዝ ሙሉ መጽሐፍ ናት፣ ያለ ኢንተርኔት። ኤስትሬስ የምትባለዋን ደግሞ ጫንና «ሰላም» ብላ የምታትም አንዲት መስመር የፓይተን ፕሮግራም በእሷ በኩል አስነሳ። ያቺ አንድ መስመር ሲስተሙን ስንት ጊዜ «ይሄን ፋይል ክፈትልኝ፣ ይሄን አንብብልኝ» እያለች እንደምትለምን ታያለህ። በመቶዎች ነው። «ሰላም» የምትለዋ መጨረሻ አካባቢ ናት።

ገንዘብ ይቅደም

እሺ፣ አሁን ማንም እንዳይስቅ። ትናንት አንድ ደንበኛ የ140 ሠራተኛ ስም ዝርዝር በሲኤስቪ፣ በሰረዝ በተከፋፈለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ማለት ነው፣ አውጣልኝ አለኝ። አወጣሁ። ኤክሴል ላይ ሲከፍተው አንዲት ላቲን ኤ፣ አናቷ ላይ ጭረት ያላት፣ ከዚያ ዝባዝንኬ፣ ከዚያ ያቺው ኤ እንደገና፣ እንደገና። «ዳታዬን አበላሸኸው» ብሎ ሊጣላኝ ነው። ቂጦ፣ 225 ያልሽው ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል እንዴ?

ቂጦ አራተኛ ዓመት

ሃሃ፣ አልሳቅኩም። አዎ፣ እሷው ናት። የኛ ፊደላት ባይት ሁሉ በ225 ነው የሚጀምረው። ኤክሴሉ ፋይሉን እንደ ድሮው የላቲን ሰንጠረዥ ነው ያነበበው፤ እዚያ ሰንጠረዥ ላይ 225 ማለት ያቺ ጭረት ያላት ኤ ናት። ዳታህ አልተበላሸም፣ አንዲት ባይት አልጎደለችም፣ በተሳሳተ መነጽር ነው የታየው። ደንበኛህ በድርብ ጠቅታ አይክፈተው። ኤክሴል ውስጥ ዳታ የሚለው ጋ ገብቶ ከጽሑፍ ፋይል ያስገባ፣ የፋይሉ ዓይነት ሲጠየቅ 65001 የሚለውን ዩቲኤፍ-8 ይምረጥ። እሱው ሴቭ አድርጎት ከሆነ ግን ዋናውን ፋይል እንደገና ላክለት።

ገንዘብ ይቅደም

ሠራ። ከፈለኝም። ቢሆንም ፍሬምወርኩን ተማር ያልኩት ላይ ነኝ።

የፈረሱላ ልጅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምመለሰው፣ ይቅርታ፣ የቡናው ሥራ አላስቀመጠኝም።

ፕሮግራሙን ሁሉ ወደ ግራም ቀየርኩት። ደረሰኙም አሁን ዲስክ ላይ መድረሱን ሳያረጋግጥ አያትምም። ለሐጂ የድንጋዩን ነገር ነገርኳቸው፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ የሩብ ግማሽ እያልኩ። በጥሞና ሰሙኝና «እና ይሄን ዕቃ የሠራው ሰው የአስር ድንጋይ መጨመር ከበደው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ማታ ጋሼ ሽቦ የጻፉትን አስታወስኩ፣ ማብሪያ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፣ ሦስተኛ የለውም። በነጋታው ይሄን ስነግራቸው «በል እንግዲያው» ብለው ቡና አዘዙልኝ።

በርጩማም ገልብጫለሁ። ሪሌዬ «ጣቅ» ይላል።

አንድ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ሰዓት እንዴት እንደሚቀመጥ እያየሁ ነበር። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚይዙት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሴኮንዶች በመቁጠር ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962። በድሮዎቹ ቆጠራው ያለው በ32 ቢት ነው፣ አንዷ ቢት ለምልክት። ስለዚህ የሚደርሰው እስከ 2147483647 ብቻ ነው። ከዚያች በኋላ ባለችው ሴኮንድ ቁጥሩ ተገልብጦ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ማሽኑም 1901 ነው ብሎ ያስባል። በኛ 1894፣ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ በነገሡበት ዘመን።

መቼ ነው ብዬ አሰላሁት። ጃንዋሪ 19 ቀን 2038። ወደኛ ስመልሰው ጥር 11 ቀን 2030። ጥምቀት! ሰዓቱን ደግሞ ወደኛ ቀየርኩት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ። ሁለቴ አሰላሁት፣ ስህተት የሠራሁ መስሎኝ።

ሽቦ

ልክ ጸበል በሚረጭበት ሰዓት ማለት ነው።

ሌሊት ኮደር

አዳዲሶቹ 64 ቢት ናቸው፣ አያሳስብም። ግን ፈረሱላ፣ ያ የመጋዘኑ ሚዛን ዲጂታል ሆኖ ቀን ያትም ይሆን? ውስጡ ያለው ስንት ቢት ነው?

የፈረሱላ ልጅ

ነገ ጠዋት ጀርባውን ከፍቼ አየዋለሁ። ሐጂ ከመምጣታቸው በፊት።